የፋብሪካ አደጋ ትንተናን ለኮምፒዩተር መስጠት፦ ከሐኪም ወገን የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጠቅላላ ሐኪምነት አገለግልበት ወደነበረው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሁለት የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች በፒክአፕ መኪና ተጭነው መጡ። አንደኛው የፍሳሽ ጉድጓድ ለማጽዳት የገባ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እርሱን ሊያወጣ ተከትሎት የገባ። የመጀመሪያው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ሕይወቱ አልፏል። ሁለተኛው በኦክስጅንና በቅርብ ክትትል ተረፈ። አብሯቸው የመጣው የፈረቃ ኃላፊ ስለ አደጋው የነገረኝ በሁለት ቃል ነበር፤ «ሽታው ጣላቸው» አለኝ። ምን ዓይነት ኬሚካል እንደነበረ ብጠይቀው ወደ መጋዘን ሠራተኛው ደወለ፤ እርሱም በርሜሎቹ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበበልን። «ሶዲየም ሰልፋይድ» የሚለው ሲነበብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ፀጉር ለማርገፍ ያገለገለ የሰልፋይድ እጣቢ አሲድ ካለበት እጣቢ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ ሠራተኛው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል።

ያ አጋጣሚ የፋብሪካ አደጋዎች አስቀድመው እንዴት እንደሚተነተኑ ለማወቅ እንድፈልግ አደረገኝ። በንባቤም ውስጥ መሐንዲሶች ይህንኑ ትንተና ለኮምፒዩተር ለማስረከብ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ያደረጉትን ጥረት አገኘሁ። ጥረቱ ሊከበር የሚገባው ነው። ሆኖም የጤና ባለሙያ ሆኖ ለሚያነበው ሰው የጎደለው ነገር ጎልቶ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱንም ወገን፣ ማለትም የተገኘውንና የጎደለውን፣ ለመመዘን መሞከር ነው።

ዘዴው ምን ይመስላል?

ኬሚካል የሚያቀነባብሩ ፋብሪካዎች አደጋን ለመተንተን በብዛት የሚጠቀሙበት ዘዴ «ሃዞፕ» በሚል ምኅጻረ ቃል ይታወቃል። የተፀነሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር፣ ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ነው። በስፋት ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ በዚያው ኩባንያ የደኅንነት አማካሪ የነበረው ትሬቨር ክሌትዝ (1922–2013) ነው።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥሩ ሐኪም አዲስ ሕመምተኛን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ በሥርዓት እንደሚመረምር ሁሉ፣ የሃዞፕ ቡድንም ፋብሪካውን ቧንቧ በቧንቧ ይመረምራል። በጠረጴዛው ዙሪያ ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ፣ ማምረቻውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ፣ የመለኪያ መሣሪያዎችና የጥገና ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ስብሰባውን የሚመራ ሰው ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይ «የለም»፣ «በዛ»፣ «አነሰ»፣ «ተቀለበሰ»፣ «ሌላ ነገር ተጨመረበት» የሚሉ መሪ ቃላትን ከፍሰት፣ ከግፊት፣ ከሙቀትና ከመጠን ጋር እያጣመሩ ይጠይቃሉ። ፍሰቱ ቢቀለበስስ? ምን ያስከትለዋል? ውጤቱስ ምንድን ነው? የሚከላከልልን ምን አለ? መልሱ «መንስኤ»፣ «ውጤት»፣ «መከላከያ» እና «የውሳኔ ሐሳብ» በሚሉ ዓምዶች ይመዘገባል።

ዘዴው ጠንካራ ቢሆንም አድካሚ ነው። ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን በጥንቃቄ የሚጠይቅ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት መሰላቸቱ አይቀርም። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ሠላሳኛውን ሕመምተኛ የመረመረ ሐኪም ይህን ያውቀዋል።

ወደ ኮምፒዩተር የተደረገው ጉዞ

ድካሙን ለማስቀረት የተወሰደው መንገድ ይህ ነው። የፋብሪካው እያንዳንዱ ዕቃ፣ ማለትም ፓምፑ፣ ቫልቩ፣ ማሞቂያውና ማጠራቀሚያ ታንከሩ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የመለኪያዎች መረብ ሆኖ ይወከላል። ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ቀስት ይሰመርና በቀስቱ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይደረጋል። ለምሳሌ ቫልቩ ሲከፈት ፍሰት ስለሚጨምር ምልክቱ መደመር ነው፤ የማቀዝቀዣ ውኃ ሲጨምር ሙቀት ስለሚቀንስ ምልክቱ መቀነስ ይሆናል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ አንድ መዛባት ተሰጥቶት ቀስቶቹን ወደ ኋላ በመከተል መንስኤን፣ ወደ ፊት በመከተል ደግሞ ውጤትን ያወጣል።

የዚህ ዓይነቱን መረብ ለብልሽት ፍለጋ የተጠቀሙበት የጃፓን ተመራማሪዎች ሥራቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በእንግሊዝ አገር የላፍቦሮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ብልሽት ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዴት እንደሚተላለፍ አጥንተው፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ «ሃዚድ» የተባለውን ፕሮግራም ለማቅረብ በቅተዋል። በአሜሪካ ደግሞ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በቬንካት ቬንካታሱብራማንያን የተመራው ቡድን በ1990ዎቹ «ሃዞፕ ኤክስፐርት» የተባለውን አዘጋጀ። የዚህኛው ቡድን ብልኅነት ለማንኛውም ፋብሪካ የሚሠራውን አጠቃላይ ዕውቀት ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ከሚሠራው ዕውቀት ለይቶ ማስቀመጡ ነው። ቆይቶም ሥራውን በመድኃኒት ፋብሪካዎች እንደሚደረገው በዙር ለሚከናወኑ ምርቶች አስፍቶታል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በብዙ ጽሑፍ የሠለጠኑ የቋንቋ ሞዴሎችን ለዚሁ ተግባር የመሞከሩ ሥራ ተጀምሯል።

የዚህ ሥራ ጥቅም መካድ የለበትም። ኮምፒዩተር አይሰለችም፤ አርብ ከሰዓት በኋላም እንደ ሰኞ ጠዋት ይጠይቃል። ከመሪ ቃላቱ አንዱንም አይዘልልም፤ ንድፉ በተለወጠ ቁጥር ሥራውን ከመጀመሪያው ለመድገም አያጉረመርምም። ልምድ ያለው ቡድን ማሰባሰብ ለማይችል አነስተኛ ፋብሪካ ደግሞ ከምንም የተሻለ መነሻ ይሰጣል። ሂሴ ይህንን ሁሉ ከተቀበልኩ በኋላ የሚነሣ ነው።

አንደኛ ሂስ፦ መሣሪያው የሚያነበው ንድፉን ነው

ከመረብ የሚነሣው ፕሮግራም ፋብሪካውን የሚያውቀው በተሳለው መጠን ብቻ ነው። ብዙ ሕይወት የቀጠፉት አደጋዎች ግን የደረሱት በተሳለውና በሚሠራው መካከል ባለው ክፍተት ነው።

በእንግሊዝ አገር በፍሊክስቦሮ የነበረው የኬሚካል ፋብሪካ ሳይክሎሄክሴን የሚያቀነባብሩ፣ በተርታ የተያያዙ 6 ማብላያዎች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 አምስተኛው ማብላያ ተሰንጥቆ ተነሣ፤ ምርቱ እንዳይቋረጥም አራተኛውና ስድስተኛው በጊዜያዊ ቧንቧ ተገናኙ። ለዚህ ቧንቧ የተሠራው ንድፍ በወርክሾፑ ወለል ላይ በጠመኔ የተሳለው ብቻ ነበር። የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ቀደም ብሎ ሥራ ለቅቆ ስለነበር፣ ነገሩን በሙያው የሚመዝን ሰው በቦታው አልነበረም። ሰኔ 1 ቀን 1974 (እ.ኤ.አ.) ቧንቧው ተበጥሶ ያመለጠው ጋዝ ፈነዳ፤ 28 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም 18ቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የነበሩ ናቸው። ቀኑ ቅዳሜ ባይሆን ኖሮ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ በሆነ ነበር። የወለል ጠመኔን የሚያነብ ፕሮግራም የለም።

በሕንድ አገር በቦፓል የሆነው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። እዚያ ንድፉ ነበረ፤ የተሳሉት መከላከያዎችም ብዙ ነበሩ። ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለው መርዝ የተጠራቀመበት ታንከር ማቀዝቀዣ ነበረው፤ የሚያመልጠውን ጋዝ የሚያጥብ ማማ ነበረው፤ ከዚያ ያለፈውን የሚያቃጥል ሌላ ማማም ነበረው። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2 ወደ 3 ቀን 1984 በሚያነጋው ሌሊት ውኃ ወደ ታንከሩ ገብቶ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ ጋዝ ሲወጣ፣ ማቀዝቀዣው ከወራት በፊት ተዘግቶ ነበር፤ ማጠቢያው በተጠንቀቅ ላይ እንጂ በሥራ ላይ አልነበረም፤ የማቃጠያው ቧንቧ ለጥገና ተፈትቶ ነበር። በዚያች ሌሊት ለኮምፒዩተር የፋብሪካው ንድፍ ቢሰጠው ኖሮ «መከላከያ» በሚለው ዓምድ ሦስቱንም በየተራ ይጽፋቸው ነበር።

ስለ ቆዳ ፋብሪካውም የተማርኩት ይህንኑ ነው። ከአደጋው በኋላ ፋብሪካውን እንዳይ በተፈቀደልኝ ቀን፣ በቢሮው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፕላን ሰልፋይድ ያለበት እጣቢና አሲድ ያለበት እጣቢ በየራሳቸው ቦይ ይሄዱ ነበር። በግቢው ግን አንደኛው ቦይ ከተደፈነ ወዲህ ሁለቱም በአንዱ ይወርዱ ነበር። ይህንን የሚያውቁት የጽዳት ሠራተኞቹ ናቸው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። በአንድ የሃዞፕ ስብሰባ ላይ ከእነርሱ አንዱ ቢቀመጥ ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ በወጣ ነበር። ስብሰባው ለኮምፒዩተር ሲባል ቢቀር ደግሞ የሚቀረው ይኸው ወንበር ነው።

ሁለተኛ ሂስ፦ የዝርዝሩ ብዛት

በመደመርና በመቀነስ ምልክት ብቻ የሚያስብ ፕሮግራም ሁለት ተቃራኒ ቀስቶች ሲገናኙ የትኛው እንደሚያይል አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱንም ይጽፋል። ውጤቱም በእውነት ሊደርሱ የሚችሉ ጥቂት አደጋዎች ፈጽሞ በማይደርሱ ብዙ አደጋዎች መካከል የተበተኑበት ረጅም ዝርዝር ነው። የፕሮግራሞቹ አዘጋጆች ይህን ድክመት ያውቁታል፤ ለመቀነስም ብዙ ደክመዋል። የቋንቋ ሞዴሎች ደግሞ ተመሳሳይ ችግር በሌላ መልክ ያመጣሉ፤ ያልተረጋገጠውን ነገር እንደ ተረጋገጠው ሁሉ በተስተካከለ ዐረፍተ ነገር ስለሚጽፉት፣ አንባቢው የሚጠራጠርበት ምልክት አያገኝም።

የዝርዝር ብዛት ምን እንደሚያደርግ ከእኛ ሙያ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መድኃኒት በኮምፒዩተር በሚታዘዝባቸው ሆስፒታሎች ስለሚታዩ የማስጠንቀቂያ መልእክቶች እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ ሐኪሞች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን መልእክቶች አልፈዋቸው እንደሚሄዱ አሳይቷል። ይህ የሐኪሞች ስንፍና ብቻ አይደለም። መቶ ጊዜ በከንቱ የጮኸን ደወል ጆሮ መስማት ያቆማል። በፋብሪካውም ዓለም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1994 በዌልስ፣ በሚልፎርድ ሄቨን የነዳጅ ማጣሪያ ከደረሰው ፍንዳታ በፊት በነበሩት የመጨረሻ 11 ደቂቃዎች፣ በመቆጣጠሪያው ላይ የነበሩት ሁለት ሠራተኞች 275 የማስጠንቀቂያ ደወሎች ወርደውባቸዋል። መረጃ አልጎደላቸውም፤ የትኛውን አስቀድመው እንደሚያዩ የሚነግራቸው ግን አልነበረም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የቦፓልን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1982 ከአሜሪካ የመጡ የኩባንያው ባለሙያዎች ፈትሸውት፣ መርዛማ ነገር ሊያመልጥ እንደሚችል ጨምሮ በርካታ ጉድለቶችን ዘርዝረው ነበር። እንግዲህ ዝርዝሩ ከአደጋው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀድሞ ተጽፏል ማለት ነው። የጠፋው አደጋውን የሚያይ ዓይን ሳይሆን ያየውን የሚሰማ ጆሮና የሚያስተካክል እጅ ነው። ዝርዝርን በፍጥነት የሚያወጣ መሣሪያ ይህን ጉድለት አይሞላም። እንዲያውም ወረቀቱ ወፍሮ ሲታይ ሥራው የተሠራ ሊያስመስል ይችላል።

ሦስተኛ ሂስ፦ «ውጤት» የሚለው ዓምድ አጥሩ ላይ ያበቃል

ለእኛ ዋናው ሂስ ይህ ነው። ያየኋቸው የእነዚህ ፕሮግራሞች ምሳሌዎች መጨረሻቸው «መርዛማ ጋዝ ወደ አካባቢ ይለቀቃል» የሚል ነው። ለመሐንዲሱ ይህ የትንተናው ማብቂያ ነው። ለሐኪሙ ግን ገና መጀመሪያው ነው። ጋዙ የሚሄድበትን አቅጣጫና የሚደርስበትን ርቀት የሚያሰሉ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዳሉ አልዘነጋሁም፤ ሊሞቱ የሚችሉትን ሰዎች ቁጥርም ይገምታሉ። ነገር ግን ቁጥሩ ፋብሪካውን ለመፍቀድ ወይም ለመከልከል ያገለግላል እንጂ በሌሊት ለሚጠራው ተረኛ ሐኪም አይደርሰውም።

በቦፓል ሃሚዲያ ሆስፒታል የነበሩ ሐኪሞች በዚያች ሌሊት ዓይናቸው የታወረና ሳንባቸው በውኃ የተሞላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲጎርፉባቸው፣ የገጠማቸውን ነገር ምንነት አያውቁም ነበር። የሚታወቅ ማርከሻ አልነበረም። ከዚያም በኋላ የሳያናይድ መመረዝ አለ የለም፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ክርክር ለረጅም ጊዜ ዘልቋል። የተጋለጠው ሰው ከ500,000 ይበልጣል፤ የማድያ ፕራዴሽ መንግሥት በጋዙ መሞታቸውን ያረጋገጠላቸው 3,787 ናቸው፤ ሌሎች ግምቶች ከዚህ በእጅጉ ይልቃሉ።

በጣልያን አገር በሴቬሶ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1976 ዳይኦክሲን ሲለቀቅም እንዲሁ ነበር። ሕዝቡን ከቦታው ማውጣት የተጀመረው ከ16 ቀን በኋላ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ እንስሳት እየሞቱ፣ የሕፃናት ቆዳ እየቆሰለ ነበር። አውሮፓውያን ከዚህ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት መመሪያ፣ አደገኛ ፋብሪካ በአካባቢው ለሚኖረው ሕዝብ ስለ አደጋው እንዲያሳውቅ አስገድዷል። አንድ ሕግ የፋብሪካውን አጥር ሲሻገር ምን እንደሚመስል ይህ ያሳያል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉድለትም አለ። ትንተናው ፋብሪካው እንደተሳለ ተቀብሎ መዛባትን ብቻ ይጠይቃል። በቦፓል መጠየቅ የነበረበት ዋና ጥያቄ ግን «ግፊቱ ቢበዛስ?» የሚለው ብቻ አልነበረም፤ «ይህን ያህል መርዝ ለምን ይጠራቀማል?» የሚለውም ጭምር ነው። ሜቲል አይሶሳያኔት ለሌላ ምርት መሸጋገሪያ እንጂ ለገበያ የሚቀርብ አልነበረም። ክሌትዝ ደጋግሞ ያስተማረው ትልቁ ቁም ነገር፣ ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ አደገኛውን ነገር ከመጀመሪያው አለማከማቸት እንደሆነ ነው። እኛም በሽታን ከማከም መከላከል ይሻላል ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው።

ምን ይደረግ?

ኮምፒዩተሩን መጣል መፍትሔ አይሆንም። መሣሪያው የመጀመሪያውን ረቂቅ ያውጣ፤ ቡድኑ ግን አይበተን። ከድካም የተረፈው ጊዜ ንድፉን ይዞ ግቢውን ለመዞር፣ የፈረቃና የጽዳት ሠራተኛውን ለመጠየቅ፣ «በንድፉ ያለው መከላከያ ዛሬ ጠዋት ይሠራል ወይ?» ብሎ ለማረጋገጥ ይዋል። ሰዓት ተረፈ ተብሎ ሰው ከተቀነሰ ግን ትንተናው የሚያጣው ከሁሉ የሚበልጠውን ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመር ነው፤ «ሆስፒታሉ ምን ይቀበላል?» የሚል። በዚህ ዓምድ የኬሚካሉ ስም፣ ወደ ሰውነት የሚገባበት መንገድ፣ የመጀመሪያ ምልክቶቹ፣ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት ካለ እርሱ፣ ሕመምተኛው ልብሱ ወልቆ መታጠብ ያለበት መሆን አለመሆኑ፣ ማርከሻ ካለው ማርከሻው፣ በአንድ ጊዜ ሊመጣ የሚችለው የሰው ብዛትና በአቅራቢያው ያለው ጤና ተቋም አቅም ይጻፍ። ይህ ኮምፒዩተር በቀላሉ ሊያግዝበት የሚችል ሥራ ነው፤ የኬሚካሎች መረጃ አስቀድሞ ተጽፏልና። እስካሁን ያልተደረገው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን የሚጠይቅ ስላልነበረ ይመስለኛል።

የሚጠይቀው ደግሞ ማን ነው? በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቀው ያስገድዳል። ያው መረጃ በአንድ ገጽ ተጽፎ ወደ አቅራቢያው ሆስፒታል ቢላክ ለፋብሪካው ወጪው የፖስታ ያህል ነው። ግን ሐኪሙ፣ ነርሷና የጤና መኮንኑ ካልጠየቁ አይላክም። ስለዚህ በአካባቢያችሁ ፋብሪካ ያለ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሚያመርተውን ሳይሆን የሚያከማቸውን ጠይቁ፤ የአደጋ ትንተና ስብሰባ ካለው ደግሞ አንድ ወንበር ጠይቁ።

እኔ አሁን በምሠራበት ሆስፒታል በዙሪያችን ላሉ 5 ፋብሪካዎች ይህንኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ሦስቱ የኬሚካሎቻቸውን ዝርዝር ልከዋል፤ ዝርዝሮቹም በድንገተኛ ክፍላችን ግድግዳ ላይ፣ ከማርከሻ መድኃኒቶች ሠንጠረዥ ጎን ተለጥፈዋል። ለሁለቱ በዚህ ወር ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል።